የፊሊፒንስን ሙዚቃ ከየት ልጀምር? ባንዶቹና የዜማ ደራሲዎቹ ሲነጻጸሩ

ፊሊፒናውያን በዓለም መድረክ ስማቸው የተጠራው በአብዛኛው ሌላ ሰው የደረሰውን በመዝፈን ነው። ሊያ ሳሎንጋ በ1989 ለንደን ላይ በ«ሚስ ሳይገን» የሙዚቃ ተውኔት ታወቀች። አርኔል ፒኔዳን በ2007 የአሜሪካው ጆርኒ ባንድ ዋና ድምፃዊ አደረገው። በዱባይ ወይም በዶሃ ሆቴሎች ማታ ማታ የሚጫወቱ የፊሊፒንስ ባንዶችን የሰማ ኢትዮጵያዊም የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው፤ የምዕራቡን ዘፈን ቁርጥ አድርገው ያወጡታል። በራሳቸው ቋንቋ ለራሳቸው ሰው የደረሱት ግን ሌላ ነገር ነው፤ መጀመር ያለበትም ከዚያ ነው። እነሱ ኦፒኤም ይሉታል፣ የፊሊፒንስ ወጥ ሙዚቃ እንደማለት። በ1987 ፕሬዝዳንት ኮራዞን አኪኖ ባወጡት ትእዛዝ ሙዚቃ የሚያሰሙ ሬዲዮ ጣቢያዎች በየሰዓቱ ቢያንስ 4 የአገር ውስጥ ዘፈን የማሰማት ግዴታ ተጣለባቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምርጫው የሚወሰነው በዘፈኑ ምን ሊያደርጉበት እንዳሰቡ ነው። ከሥራ ባልደረባዎ ጋር ቪዲዮኬ (ግጥሙን ስክሪን ላይ እያነበቡ የሚዘፈንበት ማሽን) ላይ ሊዘፍኑት ነው? ጊታር ሊለማመዱበት ነው? ቋንቋውን ሊይዙበት ነው? ወይስ ቁጭ ብለው ሊሰሙት ብቻ? ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው አይስማማም። የብዙ ሰው ስህተት «ታዋቂው ማነው?» ብሎ መጀመር ነው። በዚያ መንገድ የሚገኙት ትልልቅ ድምፆች ናቸው፤ ትልልቅ ድምፆችን ደግሞ ተከትሎ መዝፈን ከባድ ነው፣ ቃላቸውንም ለመያዝ አይመቹም።

አፖ ወይስ ኢሬዘርሄድስ?

ዋናው ምርጫ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ሌሎቹን በኋላ መጨመር ይቻላል።

አፖ ሃይኪንግ ሶሳይቲ የአቴኔዮ ዴ ማኒላ ተማሪዎች የነበሩ 3 ሰዎች ናቸው፦ ጂም ፓሬዴስ፣ ዳኒ ሃቪየርና ቦቦይ ጋሮቪሊዮ። የመጀመሪያ ስማቸው ሙሉውን «የአፖሊናሪዮ ማቢኒ የተራራ ተጓዦች ማኅበር» ነበር። ማቢኒ የፊሊፒንስ አብዮት ትልቅ አሳቢ ነው፤ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ነበሩ። የቀልዳቸው ዓይነት ከስማቸው ይታወቃል። ከ1970ዎቹ እስከ 2010 አብረው ዘፍነዋል፤ ሃቪየር በ2022 አርፏል።

የአፖ ጥቅሙ ለአፍ የሚቀል መሆኑ ነው። ዜማቸው ብዙ ከፍታና ዝቅታ የለውም፤ ተራ ድምፅ ያለው ሰው ይችለዋል። ቃላቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። 3ቱ ድምፆች በሃርሞኒ ስለሚሄዱም ቪዲዮኬ ላይ 2 እና 3 ሰው ሆኖ ለመያዝ ይመቻል። ቋንቋ ለመልመድ የሚፈልግ ከ«ፓናላንጊን» (ጸሎት) ይጀምር፤ ቀጥሎ «ባታንግ ባታ ካ ፓ» (ገና ልጅ ነህ) ይምጣ። ሁለተኛው «ሁሉን አውቄአለሁ» ለሚል ወጣት የሚነገር ምክር ነው፤ ሐሳቡን ለመረዳት ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጉድለታቸው የዜማው ልስላሴ ነው፤ በተከታታይ 10 ዘፈን ከሰሙ አንዱ ከሌላው ይደባለቅብዎታል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሁለት ይውሰዱ።

ኢሬዘርሄድስ በ1989 በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ዲሊማን ግቢ ተቋቋመ፤ ኢሊ ቡዌንዲያ ድምፅና ጊታር፣ ማርከስ አዶሮ ጊታር፣ በዲ ዛባላ ቤዝ፣ ሬይመንድ ማራሲጋን ከበሮ። በ2002 ተበተኑ። ስለ ዶርም፣ ስለ ፈተና ዕረፍት፣ ስለ ሱቅ፣ ሳይናገሩ ስለቀሩት ፍቅር ጻፉ። ካምፓስ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ኑሮ ነው የጻፉት። «ሚንሳን» (አንድ ወቅት) የሚለው ዘፈናቸው ካላያን በሚባለው የግቢያቸው ዶርም ስለተገናኙ ጓደኞች ነው። አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ዶርም ያደረ ሰው ይህን ዘፈን ለማንም ማስረዳት አያቅተውም።

የቱ አልበም ይቅደም? የመጀመሪያው በ1993 የወጣው ነው፤ ጉልበት አለው፣ ግን አቀራረጹ ሻካራ ነው። በ1994 የወጣው «ሰርከስ» እና በ1995 የወጣው «ከተርፒሎው» ይቅደሙ። «ሰርከስ» ላይ «ማጋሲን»፣ «አላፓፕ» እና «ሚንሳን» አሉ፤ «ከተርፒሎው» በ«አንግ ሁሊንግ ኤል ቢምቦ» ይዘጋል። ሲፈልጉ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ በ2005 ሌሎች ባንዶች ዘፈኖቻቸውን ተከፋፍለው የዘፈኑበት የመታሰቢያ አልበም አለ፤ ለአፖም በ2006 ተመሳሳይ ተሠርቷል። ፍለጋ ላይ ቀድመው የሚመጡት አንዳንዴ እነዚህ ናቸው። መጥፎ አይደሉም፤ ነገር ግን ዋናውን ሳይሰሙ እነሱን ከሰሙ አቀናባሪው የጨመረውንና የደራሲውን ሐሳብ መለየት አይችሉም። የዘፋኙን ስም አይተው ይክፈቱ።

«አንግ ሁሊንግ ኤል ቢምቦ» (የመጨረሻው ኤል ቢምቦ) ለብቻው ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። አንድ ልጅ የድሮዋን የፊልም ተዋናይ ፓራሉማንን የምትመስል ልጅ ይወዳል፤ ኤል ቢምቦ የሚባለውን ጭፈራ የምታስተምረው እሷ ነች። ዓመታት ያልፋሉ። ልጅ ወልዳ ያለ ባል መቅረቷን ይሰማል፤ ኤርሚታ ሰፈር ሳህን አጣቢ ሆናለች። አንድ ሌሊት በጨለማ ቅያስ መኪና ገጭቷት ትሞታለች። ይህ ሁሉ የሚዘፈነው በደስ ደስ በሚል ዜማ ነው፤ ቃሉን የማያውቅ ሰው የሠርግ ዘፈን ይመስለዋል።

ለጊታር ተማሪ የስንኙ ኮርድ ቀላል ነው፦ ጂ፣ ኤ ሰቨን፣ ሲ፣ ተመልሶ ጂ። ጀማሪ የሚስተው ሁለተኛው ላይ ነው። በጂ ሜጀር ውስጥ ሁለተኛው ኮርድ በተለምዶ ኤ ማይነር ስለሆነ ጣት ሳያስበው ወደዚያ ይሄዳል። ኤ ማይነር ቢመታ ዘፈኑ አይፈርስም፤ ግን ይጠወልጋል። ምክንያቱን በጊታሩ 2ኛ ክር ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ጂን ሲይዙ 2ኛውን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ይጫኑት፤ ኤ ሰቨን ላይ ያው ክር 2ኛ ፍሬት ይሆናል፤ ሲ ላይ 1ኛ ፍሬት፤ የመጨረሻው ጂ ላይ ክሩን ባዶ ይልቀቁት። 3፣ 2፣ 1፣ ባዶ። ዲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ሲ፣ ቢ እያለ በግማሽ በግማሽ ድምፅ የሚወርድ ሌላ ዜማ ከኮርዶቹ ውስጥ ተደብቋል፤ ኤ ማይነር ሲ ሻርፕ ስለሌለው መውረጃውን መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ይህን አንድ ክር ብቻ 10 ጊዜ ይምቱና ከዚያ ሙሉውን ኮርድ ይያዙ።

ስለ ተገቢነቱ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ፓሬ ኮ» በሚለው ዝነኛ ዘፈናቸው ውስጥ ጸያፍ ስድብ አለ፤ ፊሊፒናውያን ጓደኛሞች ሲሆኑ እየጮኹ ይሉታል፣ ታላላቆች ባሉበት ግን አይዘፈንም። «አላፓፕ»ን ደግሞ በ1995 ሴናተር ቲቶ ሶቶ አደንዛዥ ዕፅ ያወድሳል ብለው እንዲታገድ ጠይቀው ነበር፤ ባንዱ ስለ ነፃነት ነው ብሎ ተከራከረ። ዛሬ ማንም አይቆጣበትም።

እንግዲህ ፍርዱ፦ ሊዘፍኑ ከሆነ አፖ፤ ሊሰሙና ጊታር ሊይዙ ከሆነ ኢሬዘርሄድስ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ውሰዱ ቢባል ኢሬዘርሄድስ ይበልጣል፤ በ20ኛው ሲሰማም አዲስ ነገር ይወጣዋል።

ሪቨርማያና ፓሮክያ

ሪቨርማያን የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ዓመቱን ይይ። በ1994 ሲጀምሩ ድምፃዊው ባምቡ ማኛላክ ነበር፣ አብዛኛውን ዘፈን የሚጽፈው ሪኮ ብላንኮ። ባምቡ በ1998 ወጣ፤ ብላንኮ ራሱ እየዘፈነ ቀጠለና በ2007 እሱም ሄደ። ስለዚህ በአንድ ስም ውስጥ ቢያንስ 3 የተለያዩ ባንዶች አሉ። «ሪቨርማያ ሰማሁ፣ አልወደድኩትም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሰማው ሌላኛውን ዘመን ነው። በ1996 የወጣው «ትሪፕ» («ሂማላ» እና «ኪሳፕማታ» ያሉበት) እና በ1997 የወጣው «አቶሚክ ቦምብ» («ኤሌሲ» እና «ሂናሃናፕ ሃናፕ ኪታ» ያሉበት) ይበቃሉ። ከኢሬዘርሄድስ ጋር ሲነጻጸር ድምፁ የጠነከረ፣ አቀናባሪነቱ የጠራ ነው፤ ግጥሙ ግን ያንን ያህል ወደ ሰፈር አይወርድም። ለመዝፈን ይከብዳል፤ የባምቡ ከፍታ ለሁሉም ጉሮሮ አይሆንም።

ፓሮክያ ኒ ኤድጋር በ1993 ከአቴኔዮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው፤ ሥራቸው ፌዝና የቃላት ጨዋታ ነው። የዘፈኖቹን ቋንቋ ታጋሎግን ሳይለምዱ እዚህ አይምጡ። በአማርኛ ቅኔን ያለ ወርቁ እንደመስማት ነው፤ ሰሙ ብቻ ሲቀር ተራ ይሆናል። አንድ ዘፈናቸው ከዚህ ነፃ ነው፤ «ሃራና» በ1997 የወጣ። ሃራና ማለት ወንድ ከነጓደኞቹ ጊታር ይዞ የሚወዳት ሴት መስኮት ሥር ሄዶ የሚዘፍነው የድሮ ልማድ ነው፤ ዘፈኑ ይህ ልማድ ዛሬም አለ ወይ ብሎ ይጀምራል። ለስለስ ያለ ነው፣ ለጀማሪም ይሆናል።

የቀድሞዎቹ፦ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ በጣም የሚቀርቡት

ፍሬዲ አጊላር በ1978 በሜትሮ ማኒላ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ «አናክ» (ልጄ) የሚለውን ይዞ ቀረበ። አላሸነፈም፤ ያሸነፈው የሪያን ካያብያብ ድርሰት ነበር። ከአገር የወጣው ግን «አናክ» ነው፤ በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ። አጊላር በግንቦት 2025 አረፈ። ልጁ ሲወለድ የወላጆች ደስታ፣ እናት ሌሊት ተነስታ ወተት ማዘጋጀቷ፣ አባት ጠዋት ማቀፉ፣ ከዚያ የልጁ እምቢተኝነትና ጸጸት በቅደም ተከተል ይመጣል። ከአገሩ ርቆ ለእናቱ ገንዘብ ለሚልክ ሰው ከዚህ የቀረበ ዘፈን ማግኘት ያስቸግራል። በማይነር የተሠራ፣ በአንድ ጊታር የሚቆም ነው። በሌሎች ቋንቋዎች የተዘፈኑት ውስጥ ሐሳቡ የተለወጠባቸው ስላሉ የታጋሎጉን ይያዙ።

አሲን የሚባለው ቡድን በዚያው በ1978 «ማስዳን ሞ አንግ ካፓሊጊራን» (አካባቢህን ተመልከት) ብሎ ስለተበከለ ወንዝና አየር ዘፈነ፤ ለስብስብ የሚሆን፣ ቀስ ያለ ነው።

ጆይ አያላ ደግሞ ለብቻው ነው። «ባጎንግ ሉማድ» ከተባለ ቡድኑ ጋር በደቡብ ያለችውን የሚንዳናዎ ደሴት ሕዝቦች መሣሪያ ከጊታር ጋር አዋሃደ፤ ዋናው ሄጋሎንግ የሚባል ባለ 2 ክር ረጅም መሣሪያ ነው፤ አንዱ ክር ዜማ ያወጣል፣ ሌላው እንደ ማረፊያ ይጮሃል። የቲቦሊ ሕዝብ ሄጋሎንጉን የሚቃኘው በሜጀር 5 ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይህ የእኛ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ናቸው። ስሜቱና አካሄዱ ይለያያል፤ ነገር ግን የፊሊፒንስ ሙዚቃ ለጆሮው እንግዳ የሆነበት ሰው በዚህ በኩል ቢገባ ቶሎ ይላመዳል።

ሌሎቹ የከተማ ዘፈኖች በሙሉ ማለት ይቻላል ባለ 7 ድምፅ ናቸው። በትዝታ ያደገ ድምፅ ፋ እና ሲ ላይ ሲደርስ ወደ ጎረቤቱ ይንሸራተታል፤ ፋን ሚ ያደርገዋል፣ ሲን ላ ወይም ዶ። ችሎታ ማነስ አይደለም፤ ጆሮ የለመደው ነው። መድኃኒቱ ዘፈኑን ከመጀመር በፊት ሙሉውን ዶ ሬ ሚ ቀስ ብሎ 5 ጊዜ መውጣትና መውረድ፣ ፋ እና ሲ ላይ ቆም ማለት ነው።

የዜማ ደራሲዎቹ፦ ካንሴኮ ወይስ ካያብያብ?

ከባንድ ይልቅ ትልቅ የፍቅር ዘፈን የሚወዱ ሰዎች ምርጫቸው በደራሲ መሆን አለበት። አንዱን ዘፈን 5 ድምፃዊ ስለሚዘፍነው የዘፋኝ ስም ብዙ አይረዳም።

ጆርጅ ካንሴኮ (1934–2004) የፊልም ዘፈን ንጉሥ ነው። «ካፓንታይ አይ ላንጊት»፣ «ንጋዮን አት ካይላንማን» እና «ካስቲልዮንግ ቡሃንጊን» የእሱ ናቸው፤ የኋለኞቹን ሁለቱን በባሲል ቫልዴስ ድምፅ ይስሙ። ዘፈኑ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ አዝማቹ ላይ ይከፈታል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከፍ ይላል። ቪዲዮኬ ላይ ሰው የሚዋረደው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ስለተመቸው ኪውን (ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ) እንዳለ ይተወዋል፣ ወደ መጨረሻ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል። ኪ የሚመረጠው ከመጨረሻው አዝማች ነው። እሱ ላይ ያለ ጩኸት ከደረሱ የቀረው ይደረሳል።

ሪያን ካያብያብ በ1954 የተወለደ፣ በ2018 የአገሪቱን ብሔራዊ አርቲስት ማዕረግ ያገኘ ነው። በ1981 «ዋን» የሚል አልበም ያለ አንድም መሣሪያ አወጣ፤ ድምፆቹ ሁሉ የእሱ የራሱ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ። ለመዘምራንና ለድምፅ ቡድን ቅንብር የሚማር ሰው ሌላ ቦታ ሳይሄድ ይህን ይስማ። ለተራ ሰሚ «ቱዊንግ ኡሙኡላን አት ካፒሊንግ ካ» (በዘነበና አጠገቤ በሆንክ/ሽ ቁጥር) ይሻላል፤ ክረምት ለሚወድ ሰው የተሠራ ነው። ከካንሴኮ ጋር ሲነጻጸር ስሜቱ የተገታ፣ ኮርዱ ግን የተወሳሰበ ነው፤ በ3 ኮርድ ጊታር ሊያጅቡት ከሞከሩ ዜማውና ኮርዱ ይጣላሉ።

ሁለቱም ከኩንዲማን ወረዱ። ኩንዲማን ቀስ ያለ ባለ 3 ምት የፍቅር ዜማ ነው፤ በማይነር ያዝንና ከመሃል ጀምሮ ወደ ሜጀር ይዞራል። የኒካኖር አቤላርዶ «ናሳን ካ ኢሮግ» (1923) ይህን በግልጽ ያሳያል። ለእኛ የሚያስቸግረው ምቱ ነው፤ ችክችካ የለመደ እጅ 3ቱን ምት ወደ 6 ቆርጦ ያፈጥነዋል። አንድ ላይ ብቻ ያጨብጭቡ፣ ሁለትና ሦስትን በልብ ይቁጠሩ።

የዛሬዎቹ

ቤን ኤንድ ቤን መንትያ ወንድማማቾች የሚመሩት ባለ 9 ሰው ባንድ ነው፤ ቫዮሊንና ብዙ ከበሮ አለው። አፖን የወደደ ይወደዋል። የ2019ኙ «ሊማሳዋ ስትሪት» አልበም መግቢያ ይሁን፤ ከዚያ በፊት የወጣው «ካታንግ ኢሲፕ» ለብቻው ይሰማ። ኤስቢ19 የ5 ወንዶች ቡድን ነው፤ በ2018 ጀመረ፣ በ«ጎ አፕ» (2019) ታወቀ፤ መሪያቸው ፓብሎ ዘፈን ይጽፋል። ቢኒ በ2021 የወጡ 8 ሴቶች ናቸው፣ «ፓንትሮፒኮ» የሚለው ዘፈናቸው አገሩን አጥለቀለቀ። ጭፈራ ከፈለጉ እነዚህ ሁለቱ፤ ቃል ከፈለጉ ቤን ኤንድ ቤን።

አፍ ላይ የሚበላሸው

ታጋሎግ እንደተጻፈ ይነበባል፣ ከሁለት ቃላት በቀር። «ን» እና «ግ» ብቻ ሆኖ የሚጻፈው አጭር ቃል «ናንግ» ተብሎ ይነበባል፤ «ምጋ» የሚመስለው ደግሞ «ማንጋ» ነው፣ የብዙ ቁጥር ምልክት። በቃል መጀመሪያ የሚመጣው የአፍንጫ ድምፅ ለእኛ ይከብዳል። «ባንክ» ሲሉ ከ«ክ» በፊት ያለችውን «ን» ያስተውሏት፤ እዚያ ላይ ቆመው «አዮን» ይበሉ፣ «ንጋዮን» (አሁን) የሚለው ቃል ይወጣል። «ግ» መሰማት የለበትም። ሌላው ስህተት ት፣ ክ እና ፕን ወደ ጥ፣ ቅ እና ጵ ማጥበቅ ነው፤ ወዲያው ይታወቃል። ጫናም ትርጉም ይለውጣል፤ «ባሳ» መጀመሪያው ላይ ከተጫኑት ንባብ ነው፣ መጨረሻው ላይ ከሆነ እርጥብ።

ግጥሙን ወደ አማርኛ ለሚመልሱ፦ ታጋሎግ ጾታ አይለይም። «ሲያ» እሱም እሷም ነው። «ማሃል ኪታ» ስንል እኛ ግዴታ «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ማለት አለብን፤ ዋናው ግን ሁለቱንም ክፍት ትቶታል። ስለዚህ ማን ለማን እንደሚዘፍን ከዘፈኑ ታሪክ አይተው ይወስኑ፤ በዘፋኙ ጾታ ብቻ አይፍረዱ። «ማሃል» ራሱ ደግሞ የተወደደም፣ ዋጋው የበዛም ማለት ነው፤ በአማርኛ «ውድ» ብለው ቢመልሱት ሁለቱም ትርጉም ይገባል።

ሴት የወንድ ዘፈን ስትመርጥ ማሽኑ ላይ ኪውን ከ4 እስከ 5 ግማሽ ድምፅ ከፍ ታድርግ። በአብዛኛው ማሽን አንድ ጭነት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው።

ለፊሊፒናዊት ጓደኛዎ ሊዘፍኑላት ከሆነ ደግሞ ዘፈን ከመምረጥዎ በፊት አገሯ የት እንደሆነ ይጠይቁ። ታጋሎግ የማኒላና የአካባቢው ቋንቋ ነው፤ ሁሉም በትምህርት ቤት ይማረዋል እንጂ የሁሉም የእናት ቋንቋ አይደለም። የሴቡ ሰው ከሆነች «ኡሳሃይ» ወይም «ማቱድ ኒላ» በሴቡዋኖ የሚዘፈኑ የቆዩ ዘፈኖች ናቸው። የኢሎኮስ ከሆነች «ፓሙሊናዌን» የሚለው የሕዝብ ዜማ አለ። ሁለት ስንኝ ብቻ ቢያጠኑ ይበቃል፤ ሦስተኛውን እሷ ትቀጥለዋለች።